ኩባንያው ተቀበለ ማለት አገሩ ፈቀደ ማለት አይደለም፦ የኮሚሽን ማስታወቂያና በደማም የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች

በደማም ከሚገኘው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ወደብ ከሚራገፉት ኮንቴይነሮች ከፊሎቹ በባቡር ወደ ሪያድ ደረቅ ወደብ ይጓዛሉ፤ ሌሎቹ በጭነት መኪና ወደ ደማምና ኾበር መጋዘኖች ይገባሉ። ከእነዚህ ኮንቴይነሮች የሚወጡት ስልኮች፣ ጫማዎችና የወጥ ቤት ዕቃዎች ደንበኛ የሚጠብቁት በሱቅ መደርደሪያ ላይ ብቻ አይደለም፤ በእጅ ስልክ መስኮት ላይም ጭምር ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ አዲስ ዓይነት አገናኝ ተፈጥሯል። ይህ አገናኝ ዕቃውን አይገዛም፣ አያከማችም፣ ደጅ ድረስም አያደርስም። ገዢውን በአንድ ማስፈንጠሪያ ወይም በአንድ የቅናሽ ኮድ ወደ ሻጩ ይመራል፤ ሽያጩ ሲፈጸም ከዋጋው ላይ ኮሚሽን ይቀበላል።

ሥራው በእንግሊዝኛው አጠራር «አፊሊዬት ማርኬቲንግ» ይባላል። ዓረብኛው «ተስዊቅ ቢልዑሙላ» ይለዋል፤ በኮሚሽን መገበያየት ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን ከሁለቱም የቀረበ ቃል አለው፦ ድለላ። «ደላላ» የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛው «ደላል» ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ ትርጉሙም በሁለቱ ቋንቋዎች ገዢንና ሻጭን የሚያገናኝ ሰው ነው። ከጥንቱ ድለላ የሚለየው ደላላው ለገዢው አለመታየቱና አሻራው በኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ መቅረቱ ነው።

በምሥራቁ ክፍለ ሀገር ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በአማርኛ ጦማር የሚጽፉ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ብዙ ተከታይ ያፈሩ ሰዎች አሉ። ስለ ኢቃማ እድሳት፣ ስለ ካርጎ ዋጋ፣ ለቤተሰብ ስለሚላክ ዕቃ ይጽፋሉ፤ ይነበባሉም። ስለዚህ «ይህን ተሰሚነት ወደ ገቢ መለወጥ ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ችግሩ ብዙዎች የሚጠይቁት ስለ አንድ በር ብቻ መሆኑ ነው፤ ኩባንያው ይቀበለኛል ወይ ብለው። በሮቹ ግን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የኩባንያው፣ ሁለተኛው የአገሩ ሕግ፣ ሦስተኛው የክፍያው በር ነው። አንደኛውን አልፎ ሁለተኛው ላይ የተሰናከለ ሰው የሚያጣው ኮሚሽኑን ብቻ አይሆንም፤ የመኖሪያ ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል።

የመጀመሪያው በር፦ ኩባንያዎች ማንን ይቀበላሉ?

የዚህ አሠራር ታዋቂው ፈር ቀዳጅ አማዞን ነው፤ የአጋርነት ፕሮግራሙን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። ኩባንያው በ2017 መቀመጫው ዱባይ የነበረውን ሱቅ ዶት ኮምን ገዝቶ፣ በሰኔ 2020 የሳዑዲ ዓረቢያ ገጹን በራሱ ስም ሥራ አስጀምሯል። ኑን የተባለው የአካባቢው ተፎካካሪ በበኩሉ በታኅሣሥ 2017 ወደ ሳዑዲ ገበያ ገብቷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከማስፈንጠሪያው ጎን ለጎን የቅናሽ ኮድ በስፋት ይሠራበታል። ገዢው ኮዱን ሲያስገባ ቅናሽ ያገኛል፤ ሻጩም ገዢውን ያመጣው ማን እንደሆነ በኮዱ ያውቃል።

ኩባንያዎቹ አመልካችን የሚመረምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሚሽን ባለበት ሁሉ ያልሠራውን ሠርቻለሁ የሚል ይኖራል። በአሜሪካ የኢቤይ ከፍተኛ አጋር የነበረ ሰው በጎብኚዎች ኮምፒውተር ላይ ሳያውቁት የመለያ ምልክት እያስቀመጠ፣ እሱ ላላመጣው ሽያጭ ኮሚሽን ሲሰበስብ ተደርሶበት እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራት ተቀጥቷል። ከእንዲህ ያለው ልምድ የተነሣ ገምጋሚዎች በጥቂት ነገሮች ላይ ያተኩራሉ።

አንደኛው የጽሑፉ ባለቤትነት ነው። ከሌላ ገጽ የተገለበጠ ወይም በማሽን ተተርጉሞ ሳይታረም የተለጠፈ ጽሑፍ ለውድቅነት ቅርብ ነው። አማዞን ጦማሩ ቢያንስ 10 ያህል የራሱ ጽሑፎች እንዲኖሩትና በቅርብ ጊዜ የታደሰ እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለተኛው ገጹ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ነው፤ በተዘጋ ቡድን ውስጥ የሚለጠፍን ነገር ገምጋሚው ሊያየው አይችልም። ሦስተኛው የባለቤቱ ማንነት ነው። ጦማሩን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ለማን እንደሚጻፍና በምን አድራሻ እንደሚገኝ የሚገልጽ ገጽ የሌለው ጦማር ጥርጣሬ ያስነሣል። ገምጋሚው አማርኛ የማያነብ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ መግለጫ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛም ቢጻፍ ለአመልካቹ ይጠቅማል። አራተኛው ጎብኚው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በጅዳ የሚኖር አንባቢ በሳዑዲ ከሚሸጥ ዕቃ ጋር ይገናኛል፤ ጎንደር ላይ ያለው አንባቢ ግን ገጹን ሺህ ጊዜ ቢከፍተው እንኳ ለዚህ ገበያ ሽያጭ አያመጣም።

ተቀባይነትም ቢገኝ ለዘለቄታው አይደለም። በአማዞን አሠራር አዲስ አጋር በ180 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 3 ሽያጭ ካላመጣ አካውንቱ ይዘጋል። ራሱ የገዛው አይቆጠርለትም፤ ዘመድ ወይም ጓደኛ ለእሱ ብሎ እንዲገዛለት ማድረግም ክልክል ነው። ማስፈንጠሪያውን የነካ ገዢ ዕቃውን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቅርጫቱ ካላስገባ ኮሚሽኑ ይቀራል። አጋሩ ከሽያጩ ገቢ እንደሚያገኝ ለአንባቢ በግልጽ መናገርም ግዴታው ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን ግልጽነት ጦማሪዎችንም ጨምሮ በመመሪያው ያሰፈረው በ2009 ነበር።

ሁለተኛው በር፦ የአገሩ ሕግ

ይህ ሁሉ ተሟልቶ «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ፣ ደብዳቤው የሁለት ወገኖች የግል ውል ነው። ኩባንያው አመልካቹ በሚኖርበት አገር ማስታወቂያ የመሥራት መብት እንዳለው አያረጋግጥለትም፤ እንዲያውም የየአገሩን ሕግ ማክበር የአጋሩ ኃላፊነት እንደሆነ በውሉ ውስጥ ያሰፍራል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ጉዳዩን ከሦስት አቅጣጫ የሚመለከቱት ሕጎች አሉ። የመጀመሪያው የማስታወቂያ ፈቃድ ነው። በዚያን ጊዜ የኦዲዮቪዥዋል ሚዲያ ጠቅላላ ኮሚሽን ይባል የነበረው፣ ከ2023 ወዲህ የሚዲያ ቁጥጥር ጠቅላላ ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት በሰኔ 2022 ባወጣው መግለጫ፣ ሳዑዲ ያልሆኑ ነዋሪዎችና ጎብኚዎች ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በማኅበራዊ መገናኛዎች ማስታወቂያ እንዳይሠሩ አሳስቧል። ለዚህም ምክንያቱ ብዙ የውጭ አገር አስተዋዋቂዎች የንግድ ምዝገባም ሆነ የውጭ ኢንቨስትመንት ፈቃድ ሳይኖራቸው ሲሠሩ መገኘታቸው እንደሆነ ገልጿል። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ሊደርስ እንደሚችልም አስታውቋል። የንግድ ድርጅቶችም ፈቃድ ከሌላቸው የውጭ አገር አስተዋዋቂዎች ጋር እንዳይዋዋሉ ተነግሯቸዋል። ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ «መውሡቅ» (የታመነ ማለት ነው) የተባለው የግለሰቦች የማስታወቂያ ፈቃድ ሥራ ላይ ውሏል። ሲጀመር የሦስት ዓመት ክፍያው 15 ሺህ ሪያል ነበር።

ሁለተኛው የሠራተኛ ሕጉ ነው። የሕጉ አንቀጽ 39 አሠሪው ሠራተኛውን ለራሱ ሒሳብ እንዲሠራ እንዳይለቀው፣ ሠራተኛውም ለራሱ ሒሳብ እንዳይሠራ ይከለክላል። ክልከላው ሁለቱንም ወገን ስለሚመለከት፣ «ከፊሌ ፈቅዶልኛል» የሚለው ቃል መከላከያ አይሆንም፤ ይልቁንም ከፊሉንም ያስጠይቃል። አሽከርካሪነት ወይም መጋዘን ጠባቂነት በኢቃማው ላይ ሙያው ሆኖ የተጻፈለት ሰው፣ ማታ በስልኩ ኮሚሽን ሲሰበስብ ሥራው ትንሽ ስለሆነ ከሕጉ አያመልጥም።

ሦስተኛው የንግድ ሽፋን መከላከያ ሕግ ነው፤ በዓረብኛ «ተሰቱር» የሚባለውን አሠራር የሚመለከት ነው። በ2020 የወጣው ይህ ሕግ ሳዑዲ ያልሆነ ሰው በሌላ ሰው ስም ወይም ፈቃድ ተከልሎ ያልተፈቀደለትን የኢኮኖሚ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። እዚህም ላይ ጣሪያው 5 ዓመት እስራትና 5 ሚሊዮን ሪያል ነው፤ ጥፋተኛ የተባለው የውጭ አገር ዜጋ ከአገር ይባረራል። ስለዚህ ሁለተኛው የተለመደ መላ፣ ማለትም በሳዑዲ ወዳጅ ስም ተመዝግቦ ገቢውን መካፈል፣ ችግሩን አያቃልልም። ከአስተዳደራዊ ጥፋት ወደ ከባድ ወንጀል ያሸጋግረዋል እንጂ።

በእነዚህ ላይ በ2019 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ይታከላል። በዚህ ሕግ መሠረት የኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ ውሉን የሚያሟላ ሰነድ ሆኖ ይቆጠራል። የዕቃውን ስም፣ የሻጩን ማንነትና የመገናኛ አድራሻውን መያዝ አለበት፤ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መግለጫ የተከለከለ ነው። መቀጮው እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ይደርሳል። «ይህ ቅባት ማዲያትን በሦስት ቀን ያጠፋል» ብሎ መለጠፍ በአማርኛ ስለተጻፈ ብቻ ከሕጉ ዓይን አይሰወርም።

የሕጉ ጥብቅነት ለሠራተኛው ጠላት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሌላውን ወገን ማየትም ያስፈልጋል። ማስታወቂያውን አምኖ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሠራተኛ ነው። የአንድ ወር ደመወዙን ለስልክ የሚያወጣ ሰው ሲታለል፣ ያታለለውን የሚያገኝበት አድራሻ ያስፈልገዋል። ፈቃድና ምዝገባ የሚጠየቀው በዋናነት ለዚህ ነው። ጥያቄ ሊነሣበት የሚገባው ነገር ካለ፣ መረጃው ለሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ አለመድረሱ ነው። ደንቦቹ የሚታወጁት በዓረብኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛም ይገኛሉ። አማርኛ ብቻ ለሚያነበው ሰው ግን የሚቀርበው «በቀን ይህን ያህል ሪያል ከስልክዎ ላይ» የሚለው ማስታወቂያ ነው።

ሦስተኛው በር፦ ገንዘቡ በማን ስም ይገባል?

ፕሮግራሞች ኮሚሽኑን የሚልኩት በተመዘገበው ሰው ስም ወደሚገኝ ሒሳብ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የሌላ ሰው የባንክ ሒሳብ መዋስ ነው። የሒሳቡ ባለቤት ምንጩን ያላወቀው ገንዘብ ሲገባለት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የፀረ ገንዘብ ማጠብ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። በራስ ሒሳብም ቢሆን ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ከታወቀው ደመወዝ ሲበልጥ ባንኩ ምንጩን ሊጠይቅ ይችላል። «የኮሚሽን ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ወደ ሁለተኛው በር ይመልሳል።

ገንዘቡም በፍጥነት አይመጣም። በኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕጉ ሸማቹ ካልተጠቀመበት ዕቃውን በተረከበ በ7 ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ ርክክቡ ከ15 ቀን በላይ ከዘገየም የመሰረዝ መብት አለው። ዕቃው ሲመለስ ኮሚሽኑም አብሮ ይሰረዛል። ኩባንያዎች ክፍያውን ለሳምንታት የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

የሚያዋጣ መሆኑን ለመመዘን ቀላል ሒሳብ ይበቃል። አንድ ዕቃ 230 ሪያል ይሸጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ 30 ሪያሉ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ኮሚሽኑ በቀሪው 200 ሪያል ላይ ቢታሰብና 3 በመቶ ቢሆን፣ ለአጋሩ የሚደርሰው 6 ሪያል ነው። ፈቃድ ማውጣት የሚችል ሰው እንኳ የ15 ሺህ ሪያሉን ክፍያ ለመመለስ በሦስት ዓመት ውስጥ 2,500 እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ማሸጥ ይኖርበታል፤ በወር 70 ገደማ ማለት ነው። ትርፉ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በሌላው የሚዛን ወገን የሚቀመጠው ኢቃማው ነው። ከኢቃማው ጋር የወር ደመወዙ፣ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ፣ የልጆች ትምህርትና አገር ቤት የተጀመረው ቤት አብረው አሉ። በ6 ሪያል ኮሚሽን ይህን ሁሉ ማስያዝ፣ አንድ ቁና ጤፍ ለመሸመት በሬን መሸጥ ነው።

በበሩ ላይ የሚቆሙ አታላዮች

ሰው የሚመኘው ነገር ባለበት ሁሉ አስመሳይ ይኖራል። የታወቁ ኩባንያዎችን ስምና አርማ ይዘው በዋትሳፕና በቴሌግራም «አጋር ሆነው ተመርጠዋል» የሚሉ መልእክቶች ይላካሉ። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። መጀመሪያ ቀላል ሥራ ይሰጣሉ፤ ጥቂት ሪያል ይከፍላሉ፤ አመኔታ ሲያተርፉ «ደረጃዎን ለማሳደግ» ገንዘብ እንዲያስገባ ይጠይቃሉ። ያስገባው ገንዘብ አይመለስም።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩ ጥቂት ምልክቶች አሉ። እንደ አማዞን ያሉ የታወቁ ፕሮግራሞች ለመመዝገብ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ኮሚሽን ለአጋሩ የሚከፈል እንጂ ከአጋሩ የሚሰበሰብ አይደለም። ማመልከቻው የሚሞላው በኩባንያው ገጽ ላይ ነው፤ በግለሰብ የስልክ ቁጥር በኩል አይደለም። የአብሸር የይለፍ ቃልን ወይም በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። በንግድ ነክ ማታለል ላይ ለሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር በ1900 የስልክ መስመር አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ የኢንተርኔት ወንጀልን ለማመልከት ደግሞ «ኩሉና አምን» የተባለው መተግበሪያ አለ።

ለጦማሪው ምን ይቀረዋል?

በሩ ሁሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይለያያል። በሳዑዲ ሕግ የንግድ ምዝገባና የኢንቨስትመንት ፈቃድ ወይም ምዝገባ ያለው ሰው፣ የማስታወቂያ ሥራውን ከሚዲያ ቁጥጥር ባለሥልጣን ጋር አጣርቶ መጀመር ይችላል። በተራ ኢቃማ የሚኖረው ሠራተኛ ግን ሙያውን በሕጋዊ ቅጥር መልክ ቢያቀርብ ይሻለዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ደንበኞች መጻፍና መተርጎም የሚችል ሰው ለሚፈልግ ፈቃድ ላለው ድርጅት በኢቃማው ሙያ ተቀጥሮ መሥራት፣ በስውር ኮድ ከመለጠፍ ይልቅ ደመወዝም ዋስትናም ያስገኛል። የቤት ሠራተኞች ውል በሙሳነድ በኩል የሚመራ በመሆኑ፣ እነርሱ ማንኛውንም የሥራ ለውጥ ከማሰባቸው በፊት የራሳቸውን ደንብ ማየት አለባቸው።

ወደ አገር ቤት ለመመለስ የሚያስብ ጦማሪ ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። ጦማሩ ራሱ ሀብት ነው። ያለ ክፍያ፣ ያለ ኮድና ያለ ስጦታ ዕቃ፣ የራስን ልምድ በእውነት እየጻፉ አንባቢን ማፍራት ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ የኩባንያ ገምጋሚም መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ ማስታወቂያ ከሐሰት የጠራ እንዲሆን ያዛል። እዚያም ቢሆን የንግድ ፈቃድና ግብር አለ። በተጨማሪም ከማመልከት በፊት ፕሮግራሙ ክፍያውን ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ይልክ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው በር በአገር ቤትም አለና።

የቀድሞው ደላላ በገበያው የታወቀ ሰው ነበር። የሸጠው በቅሎ ቢያነክስ ገዢው የት እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር፤ ስሙ ከተበላሸም ሌላ ገበያ አልነበረውም። የኢንተርኔቱ ድለላ ይህን ተጠያቂነት በሰው ፊት ሳይሆን በፈቃድ፣ በምዝገባና በግልጽ መግለጫ ሊተካው ይሞክራል። ስለዚህ በደማምም ሆነ በኾበር ማመልከቻ ለመሙላት የተቀመጠ ሰው ኩባንያው ምን እንደሚጠይቀው ከማንበቡ በፊት በኢቃማው ላይ የተጻፈውን ሙያ ያንብብ። የማመልከቻው ቅጽ ነገም ከነገ ወዲያም ክፍት ነው፤ የተሰረዘ ኢቃማ ግን በቀላሉ አይመለስም።